ሰዓት ቆጥረው የሚጠይቁት እናት

«ሰዓት ቆጥረው ነው የሚጠይቁት። ይህ ሱስ ነው፣ ሲስተር።»

ዶክተሩ ይህን ያለው በጠዋት ራውንድ፣ ታማሚዋም ልጃቸውም እየሰሙ ነው። እስካሁን ያበሳጨኛል።

እናቲቱ ከመንዝ የመጡ ናቸው። የጡት ካንሰራቸው ወደ ጀርባ አጥንታቸው ተሰራጭቷል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ አልበቃ ስላላቸው ከእሱ የሚበረታው የሞርፊን ሽሮፕ ተጀምሮላቸዋል፤ በካርዳቸው ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ግን «በየስምንት ሰዓቱ፣ ካስፈለገ» ይላል። የሞርፊን ሽሮፕ የሚያገለግለው አራት ሰዓት ያህል ነው። የቀረውን አራት ሰዓት እኒህ እናት ጥርሳቸውን ነክሰው ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ አልደረሰም?» ይሉኛል። ሱስ የተባለው እንግዲህ ይህ ጥያቄ ነው።

ልጃቸው ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። «ሲስተር፣ እናቴ ቆራቢ ናት። በስተርጅናዋ ሱስ ያዛት ከሚባል ትንሽ ብትታገሥ አይሻልም?» አለኝ። በዚያ ሌሊት እናቲቱ ሰዓቱ የደረሰውን መድኃኒት እንኳ አልወስድም አሉ። እስኪነጋ አቃሰቱ።

ጠዋት ካርዱን ይዤ ወደ ዶክተሩ ሄድሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም መድኃኒት ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጥ ያለው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ይህን አስታወስሁት።

«ትንፋሻቸው ቢቆምስ?»

«ከትንሽ ጀምረን ደረጃ በደረጃ ነው የምንጨምረው። ትንፋሽ ከመድከሙ በፊት ከባድ እንቅልፍ ይመጣል፤ እኛም እዚሁ ነን፣ ትንፋሻቸውን እንቆጥራለን።»

በመጨረሻ ፈረመ። 5 ሚሊ ግራም፣ ከጠዋቱ 12፣ ከረፋዱ 4፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 12፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዳንቀሰቅሳቸው ደግሞ የማታው 4 ሰዓት እጥፍ። ለሆድ ድርቀት የሚሰጠውን ቢሳኮዲልንም አስጨመርሁ። ሞርፊን የሚያመጣው ማቅለሽለሽና ድብታ በቀናት ውስጥ ይለቃል፤ ድርቀቱ ግን ሞርፊኑ እስካለ ድረስ አይለቅም፣ ይህን የሚያስታውስ ሐኪም ደግሞ ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ መጠየቁ ቀረ። ስለ በጎቻቸው፣ ስለ ገብሱ አጨዳ ያወሩኝ ጀመር። ሱስ የያዘው ሰው ኑሮው በሙሉ በመድኃኒቱ ዙሪያ ይጠባል፤ እኒህ እናት ግን መድኃኒቱን ሲያገኙ ወደ ኑሯቸው ተመለሱ። ሰውነት መድኃኒትን መልመዱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በድንገት አለማቋረጥ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ዶክተሩ መጥቶ አያቸውና «ሕመሙ ለቋቸዋል፤ እንግዲህ መጠኑን እንቀንስ» አለ።

«የለቀቃቸው መድኃኒቱን ስለሚወስዱ ነው። ካንሰሩ ከአጥንታቸው አልወጣም» አልሁት። ዝም አለ፤ መጠኑም አልተቀነሰም። በቤተሰቡ ፊት የተናገረውን በቤተሰቡ ፊት እንዲያነሣ ስጠይቀው ግን ሥራ አለብኝ ብሎ አለፈ። እኔ ለልጁ ደጋግሜ አስረዳሁት፤ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

የሳምንት ሽሮፕ ይዘው ወደ መንዝ ተመለሱ። ሳምንቱ ሲያልቅ ልጁ ለሚቀጥለው መጣ። በጠርሙሱ ውስጥ ግማሹ አለ።

«እንዳይለምድባት እየቀነስሁ ነው የሰጠኋት» አለኝ።

«እንዴት ሰነበቱ?»

«ትጮኻለች» አለና አቀረቀረ።

ክንዱን ይዤ በቀጥታ ወደ ዶክተሩ ክፍል ወሰድሁት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና «ዶክተር፣ ሱስ ነው ያልኸው አንተ ነህ፤ አለመሆኑንም አንተ ንገረው» አልሁ። ያን ቀን ነገረው።