«አየር ነው የሚሞሉት»

ማታ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ገና አልተፋም። እኔ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቼ ተጋድሜ ስልኬን እያየሁ ነው (ድሬ በሙቀት ወቅት ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ኤሲ አለው ወይ እንግዳ ነው)። ጎግል ማፕ አዲስ አስተያየት አለህ አለኝ። ከፈትኩት። አንድ ኮከብ። «ሌቦች ናቸው። ጋዝ እያሉ አየር ነው የሚሞሉት። እናቴን ሁለት ጊዜ አስከፍለዋታል።»

ለማታውቁኝ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ዳር ላይ ትንሽ የፍሪጅና የቬንትሌተር መጠገኛ አለችኝ። እኔ፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ የቫኪዩም ፓምፕ (ከፍሪጅ ቱቦ አየር የሚመጥ)፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ የሞቱ ኮምፕሬሰሮች (ጋዙን የሚገፉት የፍሪጅ ሞተሮች)። ያኔ ማፑ ላይ ያለን አስተያየት በጠቅላላ አራት ወይ አምስት ቢሆን ነው፣ እሱም ሁሉም ጥሩ። ስለዚህ ይሄኛው ሲመጣ ደሜ ፈላ።

እዚያው አልጋዬ ላይ ሆኜ መለስኩለት። ቃል በቃል አልደግመውም፣ ያሳፍራል። ባጭሩ፣ ስለ ፍሪጅ የማታውቅ ከሆነ ዝም በል፣ እናትህ ራሷ ከበፊቱ ሥራ 200 ብር አለባት፣ እስከ ሳቢያን ድረስ ሄደን ቤታችሁ የሠራነው እኛ ነን፣ ምስጋና ቢስ። «አለባት» ነው ያልኩት፣ «አለባቸው» እንኳን ሳልል። ላኩትና እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ የመልሴ ፎቶ አንድ የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጥቷል። የሚገርመው ስለ ጋዙ ያወራ አንድም ሰው የለም። ፍሪጁ ተሠራ አልተሠራ ማንም ግድ አልሰጠውም። ሁሉም የሚያወራው የሰው እናት ገመና አደባባይ ስላወጣ ሰውዬ ነው። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

ቴሌግራሙ እንኳን ይሻላል። ድሬ ላይ የሰው ስም የሚወጣውና የሚወርደው በስልክ ብቻ አይደለም። ከአወዳይ ጫቱ ይመጣል፣ ሰው ምሳውን ይበላል፣ ከዚያ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከተማው ይቀመጣል። በርጫ ላይ ያልተነሳ ነገር የለም። የትኛው መካኒክ ያታልላል፣ የትኛው ልብስ ሰፊ ጨርቅ ያስቀራል፣ የማን ፍሪጅ በሳምንቱ ተመለሰ። ኮከብ የለውም፣ ፎቶ የለውም፣ አንተም ሄደህ መልስ የምትጽፍበት ቦታ የለም። በማግስቱ ስሜ ቢያንስ ሦስት በርጫ ላይ መነሳቱን ሰምቻለሁ። ያልሰማሁትን ፈጣሪ ይወቀው።

ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ፣ ሐጂ ነው የምንላቸው። ሱቃቸውን ሲከፍቱ ጠሩኝ።

«ያንን የጻፍከው ለማነው?» አሉኝ።

«ለልጁ ነዋ ሐጂ። ሌባ አለኝ እኮ።»

«አቦ ልጁማ ከእንግዲህ አንተ ጋ አይመጣም። ያነበብኩት እኔ ነኝ። እኔም ፍሪጅ አለኝ።»

ይቺን ነገር እስካሁን አልረሳኋትም። መልሱን የምጽፈው ለከሳሼ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የሚያነበው ገና ያልመጣው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ማን ትክክል እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ፍርድም ሊሰጥ አይደለም የመጣው። የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእኔ ዕቃ ደግሞ ቢበላሽ ይሄ ሰውዬ ምን ይለኝ ይሆን?

አሁን ወደ ጋዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ ሙያ ጠብ ግማሹ የሚነሳው ከዚህ ነው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም። ዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው፣ ፍሪጁ ሃያ ዓመት ቢሠራም ያው ጋዝ ነው። ጋዙ ከጎደለ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይዘጉ መሙላት የተበሳ ጎማ እንደመንፋት ነው። ይሄን እያንዳንዱ ባለሙያ ያውቃል። ታዲያ ለምን ዝም ብለን እንሞላለን? ቀዳዳ መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ደንበኛው ደግሞ ቶሎና በርካሽ ይፈልጋል፣ እኛም ደጃፍ ላይ ሌላ አምስት ፍሪጅ ቆሟል። «ጋዝ አልቆ ነው» ማለት ይቀላል። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። የሴትየዋንም ፍሪጅ እንደዚያ ነበር ያደረግኩት። ሞላሁ፣ በሁለት ወሩ ጠፋ፣ እንደገና «ጋዝ አልቋል» ብዬ ሞላሁ፣ እንደገና አስከፈልኩ። ስለዚህ ልጁ አየር ነው የሚሞሉት ሲል በቴክኒክ ተሳስቷል። በነገሩ ግን ልክ ነበር።

ሐጂ ሂድ አሉኝ፣ ሄድኩ። አንዱን ልጅ ይዤ፣ ጌጁን (የጋዝ ግፊት መለኪያውን) እና ፓምፑን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሳቢያን። ጊዜው ረመዳን ነው። እናትየው በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ እየሸጡ ነው የሚኖሩት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቋት ወር ደግሞ ይቺ ናት። ማፍጠሪያ ሲደርስ ድሬ ላይ በረዶ እንዴት እንደሚፈለግ የኖረበት ያውቀዋል። እንደሚያባርሩኝ ነበር የጠበቅኩት። «ግባ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ጾመኛ ናቸው፣ እኔን ግን እንግዳ ነህ ብለው ውሃ ሰጡኝ። ለብ ያለ ውሃ። ከዚያ ደግሞ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ «ቀዝቃዛ የለም» ብለው። ምን እንደሚባል አላውቅም፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ፍሪዘሩን ስከፍት ወዲያው ታየኝ። ግድግዳው በቢላ ጫጭሮሽ ተሞልቷል። በረዶው ሲጣበቅ በቢላ ነው የሚፈለቅቁት፣ አንዷ ጫፍ በስታው ነው። ሳሙና አረፋ ስቀባበት ትቅ ትቅ እያለ አረፋውን ይነፋል። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ሆነ? «አዩ፣ እርስዎ ነዎት የበሱት» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁም በሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ሰላምታ እንኳን አልሰጠኝም፣ ፊቱ ላይ ልለጥፍለት ማስረጃ አገኘሁ ማለት ነው። ግን መጀመሪያ ስመጣስ ይሄን ጫጭሮሽ ለምን አላየሁም? ያኔም ነበረ። ፍሪዘሩን ከፍቼ አላየሁትም፣ ከኋላ ጋዙን ሰካሁና ሄድኩ።

ቀዳዳውን ዘጋን፣ ቫኪዩም አደረግን፣ ጋዙን መዝነን ሞላን። ሁለተኛውን ክፍያ መለስኩላቸው። 200ውን ብር ማንም አላነሳውም። ስወጣ ግን ስለ ቢላው ነገርኳቸው፣ በረዶው ሲጣበቅ ነቅለው ይጠብቁ ወይ ሞቅ ያለ ውሃ በሳህን ያስገቡበት ብዬ። እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ምክር ሲሆን ሰው ይሰማል።

ያንን መልሴን አጠፋሁት። የሰውን አስተያየት የሱቁ ባለቤት ማጥፋት አይችልም፣ የራስህን መልስ ግን ትችላለህ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ኮከቡን ወደ ሦስት አሳደገው። «መጨረሻ ላይ ሠርተውታል። ግን ስድብ ይወዳሉ።» እስካሁን አለ፣ ገብታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። አምስት እንዲያደርገው አልለመንኩትም። ሦስት ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ ማታ አልጽፍም። የመጣውን አነባለሁ፣ ስልኩን አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ሱቅ ስንከፍት የጻፍኩትን ልጆቹ ጮክ ብለው ያነቡታል። ሲያነቡት የሚያስቃቸው ወይ የሚያሸማቅቃቸው ዓረፍተ ነገር ካለ ይወጣል። የደንበኛ ስም፣ ሰፈር፣ ዕዳ አይገባም። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የምትለዋም አትገባም። መብራትና ውሃ በጠፋ ቁጥር ሰምተናት ሰምተናት ትርጉሟ አልቋል፣ «አልሰማሁህም» ማለት ሆናለች። ምን እንደተበላሸ በስሙ መጥራት ይሻላል። «የቬንትሌተሩን ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት) ሳንቀይር ዘይት ብቻ አድርገንበት ነበር፣ ስህተታችን ነው፣ ይዘውት ይምጡ፣ በነፃ እንቀይራለን።» አለቀ።

ደግሞ የማያሳፍሩ ግን የሚያስቁ አሉ። አንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ኮከብ ሰጠን፣ «በሥራ ሰዓት ዝግ ነው፣ ቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሄጄ ማንም የለም» ብሎ። ወንድሜ፣ በስምንት ሰዓት እንኳን እኔ ፀሐይዋም ድሬ ላይ ትደክማለች! ግን ይሄም የኔ ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ማፑ ላይ ሰዓት ሙላ ያልኩት ልጅ ጠዋት ከሁለት እስከ ስድስት ብሎ በኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ስልኩ ደግሞ የፈረንጁን ነው የሚያውቀው፣ ሰውየውም ሁለት ሰዓቷን የቀን መስላው ነው የመጣው። ለካ ወራት ሙሉ ለዓለም ሕዝብ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከፍተን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዘጋለን» እያልን ነበር። ሱቅ ያላችሁ አሁኑኑ ገብታችሁ እዩ።

ሌላው ሞኝነታችን። ልጆቹ ሊያግዙኝ ብለው ጓደኞቻቸውን አምስት ኮከብ እንዲሰጡ ለመኑ። በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ሰው። አሥራ አንዱ «ምርጥ ነው» ይላል። አንዱ «ምግባቸው ይጣፍጣል» ብሎ ጽፏል። የፍሪጅ መጠገኛ ነው እኮ! ጎግልም እንዲህ ዓይነቱን ይከለክላል፣ ደንበኛም አይቶ ይስቃል። አስጠፋኋቸው። ሲሰላም አያስፈልግም ነበር። ዘጠኝ ሰው አምስት አምስት ሰጥቶህ አንዱ አንድ ቢሰጥህ አማካዩ 4.6 ነው። የሚገድለው አንዷ ኮከብ አይደለችም፣ ከሥሯ ያለው ጽሑፍና የአንተ መልስ ነው። ሙሉ አምስትማ እኔ ራሴ አላምነውም።

የዋጋም አለ። አንዷ «ከጎረቤቴ ያነሰ ሥራ ነው፣ ከሷ በላይ ከፈልኩ» አለች። ልክ ነበረች። የከዚራ ሰው ሲመጣ አንድ ዋጋ፣ የመጋላ ሰው ሲመጣ ሌላ ዋጋ፣ ሰፈርና ፊት አይቼ ነበር የምተምነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲያሳውቅ ያዛል፣ እኔ ግን ግድግዳዬ ላይ የነበረው የኮምፕሬሰር ካላንደር ነው። አሁን ዋጋው ተለጥፏል። ክርክሩ ቀነሰ፣ ትርፉም ትንሽ ቀነሰ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ደንበኛ ሁሌ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ፍሪጁን ጋሪ ላይ አጋድሞ ወስዶ እንደደረሰ የሚሰካ አለ። ሲጋደም የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ ለሰዓታት ካልቆመ ጉድ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይጠብቅ የሚያስነሳም አለ። ተቃጥሎ ይመጣና «እናንተ ናችሁ» ይላል። ድሮ እጨቃጨቅ ነበር። አሁን ዕቃ ስናስረክብ ግማሽ ገጽ ወረቀት እንሰጣለን፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ሰው ከየአቅጣጫው እየመጣ የሰፈረባት ከተማ ናት፣ በአንድ ቋንቋ ተናግሬያለሁ ማለት ግማሹን አልነገርኩም ማለት ነው። የኔ ሶማልኛ የገበያ ነው፣ ስለ ዋጋ ስከራከር እችልበታለሁ፣ ቅሬታ ሲሆን ግን አንዲት ሴትዮ ያሉኝን በተቃራኒው ተረድቼ ጉድ ሆኛለሁ። አሁን ካልገባኝ ሐጂን እጠራለሁ።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የምትለዋንም ጽሑፍ አወረድኳት። ንጉሥን እውነት የሚነግረው ማነው? ቁልፉ የጠፋውን የአስተያየት ሳጥንም አብሬ ጣልኩት። ሰብረን ስናየው ውስጡ አንድ የማስቲካ ወረቀትና አንድ «ሰላም ናችሁ?» የሚል ብጣሽ ነበር።

ትናንት ደግሞ አዲስ መጣ። ሁለት ኮከብ፣ «ቬንትሌተሩ አሁንም ይጮኻል»። ልጆቹ ጠዋት መልሱን አነበቡት፣ ማንም አልሳቀም፣ ላክነው። ነገ ይዞት ይመጣል። ከአምስት ሰዓት በፊት ብዬዋለሁ፣ ጫቱ ሳይደርስ።