ቺክ በ«ሪስኬ» ያልተጫወቱት

የኒውዮርኩ የዲስኮ ባንድ ቺክ «ሪስኬ» የተባለውን አልበም ያወጣው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1979 መጨረሻ ነው። ጊዜው ለዳንስ ሙዚቃ ክፉ ነበር። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ ቺካጎ ውስጥ በአንድ የቤዝቦል ስታዲየም የዲስኮ ሸክላ ተከምሮ በፈንጂ ሲጋይ፣ ተመልካቹ ሜዳውን ወርሮ የዕለቱ ሁለተኛ ጨዋታ ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ የአልበሙ መክፈቻ «ጉድ ታይምስ» በኦገስት የአሜሪካን ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ለአንድ ሳምንት። ከዚያ ወዲህ ባንዱ ወደ አሥሩ ቀዳሚዎች አልተመለሰም። ሸክላውን ግን ዲጄዎች እስከ ዛሬ ከቦርሳቸው አላወጡትም።

ምክንያቱን ለማግኘት መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ስሙ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች በርናርድ ኤድዋርድስ የሚነሳው በሦስት እኩል ምት ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስቱም ኢ (E) በተባለው ኖታ ላይ። ከዚያ ዝም ይላል። ቀጥሎ በፈጣን ኖታዎች እየተራመደ ይወጣል። ዘፈኑ ከሁለት ኮርዶች (አብረው ከሚመቱ የኖታ ስብስቦች)፣ ከኢ ማይነርና ከኤ፣ ሌላ የሚሄድበት የለም፤ ስንኙም አዝማቹም እዚያው ሁለቱ ላይ ይመላለሳል። ታዲያ ስምንት ደቂቃ ሙሉ እንዴት አይሰለችም? እግር የሚነሳው በዝምታዋ ላይ ስለሆነ ነው። ይህን መስመር የሚሞክር ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ኖታውን አይደለም፤ ሦስቱን ድምፆች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። እያንዳንዱን ከመታችሁ በኋላ የግራ እጃችሁን ጣት ከክሩ ሳታነሱ ግፊቱን ብቻ ልቀቁ፤ ድምፁ ይቆረጣል። ከሦስተኛው በኋላ ያለውን ክፍተት በጌጥ የሚሞላ ሰው ደግሞ ዘፈኑን ገድሎታል።

ቶኒ ቶምሰን ከባድ እጅ ያለው ድራመር ነበር፤ እዚህ ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው። ኪኩ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ አራቱንም ምት ይመታል፤ ስኔሩ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን። እኛ ዘንድ በችክችካ ያደገ ድራመር የሚቸገረው ሃይ ሃቱ፣ ጥንዱ የነሐስ ሳህን፣ ላይ ነው። ችክችካ ምቱን ለሦስት ይከፍላል፣ ይህ ዘፈን ለአራት እኩል ይከፍለዋል። እጅ ሳያስበው ወደ ሦስቱ ካዘነበለ ከጊታሩ ጋር ይጋጫል፤ ባንዱም ምኑ እንደተበላሸ ሳያውቅ መፋጠን ይጀምራል። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ ወደ 110 ምት ገደማ ነው። ሜትሮኖሙን (ምት በጠቅታ የሚቆጥረውን መሣሪያ) 80 ላይ አስጀምሩና አምስት አምስት እየጨመሩ መውጣት ይሻላል። ሲለመድ 55 ላይ አድርጉትና ጠቅታውን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ስሙት፤ የሚሮጥ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

የባንዱ ጊታሪስት የናይል ሮጀርስ ጊታር ለብዙዎች ከባድ የሚመስለው እጁ ፈጣን ስለሆነ ነው። የቀኝ እጁ በአንድ ባር (በአራት ምት) አሥራ ስድስት ጊዜ፣ አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ላይ፣ ይሄዳል፣ አይቆምም። የትኛው ይሰማ የትኛው ይታፈን የሚወስነው ግራ እጁ ነው። ኮርዱንም በስድስቱ ክር አይዘውም፤ ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን ክሮች ይበቁታል፣ ወፍራሙ ድምፅ የቤዙ ግዛት ነውና። የሚጫወተው በነጭ ስትራቶካስተር የኤሌክትሪክ ጊታር ሲሆን፣ ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ገመዱ በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው ሚክሰር ይገባ ነበር። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ማዛባት) ከጨመራችሁ የታፈኑት ምቶች ከሚሰሙት እኩል ይጮኹና ሪትሙ ይጠፋል።

አልበሙ ሰባት ዘፈን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሁሉም እኩል አይደለም። ከመክፈቻው ቀጥሎ የመጣው «ኤ ዎርም ሰመር ናይት» ቀርፋፋ ነው፤ ለጭፈራ የተነሳን ሰው መልሶ ያስቀምጠዋል። «ማይ ፊት ኪፕ ዳንሲንግ» ግን ከተሰጠው ክብር በላይ ይገባዋል፦ መሃሉ ላይ ሶሎውን የሚወስደው መሣሪያ ሳይሆን ብረት የተመታበት ጫማ ነው፤ ከጨፋሪዎቹ አንዱ ከታዋቂዎቹ የታፕ ዳንስ ጥንድ ከኒኮላስ ወንድማማቾች ፋያርድ ኒኮላስ ነበር። ዳንሱ ራሱ ከበሮ ሆኖ ተቀረጸ። «ማይ ፎርቢደን ላቨር»ን የጊታር ተማሪ ሁሉ ሊያጠናው ይገባል።

ወደ «ጉድ ታይምስ» ስንመለስ፣ የረጅሙ ቅጂ ሀብት መሃሉ ነው። ዘፋኞቹ ይወጣሉ፣ ቤዝና ድራም ይቀራሉ፣ ከዚያ ኪቦርዱ፣ ጊታሩና ቫዮሊኖቹ በየተራ ይመለሳሉ። የኒውዮርክ ዲጄዎች ሁለት ተመሳሳይ ሸክላ ይዘው ይህን ክፍል እያቀያየሩ ያስረዝሙት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የራፕ ቡድኑ የሹገርሂል ጋንግ «ራፐርስ ዲላይት» የተቀመጠው በዚሁ መስመር ላይ ነው፤ ሮጀርስና ኤድዋርድስ እንከሳለን ካሉ በኋላ በደራሲነት ስማቸው ገብቷል። ለራዲዮ የተቆረጠው ቅጂ አራት ደቂቃ አይሞላም፣ ይህ ክፍል ሁሉ የለበትም። ስለዚህ ስትገዙም ስታወርዱም ርዝመቱን እዩ፤ ስምንት ደቂቃ ካልሆነ ተዉት።

ለዲጄዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ድራሙን የሚመታው ሰው ነው፤ ፍጥነቱ ጥቂት ይንሸራተታል። የዲጄ ሶፍትዌሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ተመሥርቶ የሠራውን የምት መስመር ካመናችሁት፣ ዘፋኞቹ በሚወጡበት ቦታ ከሌላው ዘፈን ጋር ይላቀቃል። እዚያ ላይ አዲስ ምልክት አድርጉና መስመሩን በእጅ አስተካክሉት።