ስክሪፕት መያዣ አይሆንም

ባንክ፣ ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ይዞ ያበድራል፤ ስክሪፕት ይዞ የሚያበድር ግን አላገኘሁም። የመጀመሪያ ፊልሜን የሠራሁት በእቁብ ገንዘብና ከዘመድ በተበደርኩት ነው። ካሜራና መብራት ያላቸው ባልደረቦቼ ደግሞ በኪራዩ ፈንታ ከገቢው ድርሻ ለመውሰድ ተስማሙ።

ታሪኩን ያስጻፍኩት በገንዘቡ ልክ ነው፦ አንድ ግቢ፣ አንድ ሰፈር፣ ጥቂት ተዋንያን። ቀረጻውንም ከክረምት በፊት ጨረስን። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የተዋናይ ድምፅ ይዋጣል፤ እሱን በስቱዲዮ እንደገና ማስቀዳት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ መኖሩን ማረጋገጥም የፕሮዲዩሰር ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ውል ነው። በእኛ አገር ወዳጅን «ፈርም» ማለት ይከብዳል፤ «አታምነኝም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። እኔ ግን ከደራሲው፣ ከዳይሬክተሩ፣ ከተዋንያኑና በተለይ ከሙዚቃ አቀናባሪው ጋር ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ተፈራረምኩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት (በሥራው ገቢ የማግኘት መብት) ዝውውር በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ «በቃል ተስማምተን ነበር» ማለት ብዙ አያስኬድም። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙን ሊገዛ ሲመጣ አስቀድሞ የጠየቀኝ ስለ ታሪኩ አልነበረም፤ «ሙዚቃው የማን ነው?» አለኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አሳየሁት። የማውቀው አንድ ፕሮዲዩሰር ግን በማጀቢያ ሙዚቃ ምክንያት ፊልሙ ከዩቲዩብ ወርዶበታል፤ የደከመበት ሥራ እንዲህ ሲቀር ማየት ያሳምማል።

ሲኒማ ቤት ሲገባም የፕሮዲዩሰሩ ሥራ አያልቅም። ገቢው ከግብር በኋላ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ስለሚካፈል፣ ትኬት የሚቆጥር የራሴን ሰው በር ላይ አቆማለሁ። ይህ አለማመን አይደለም፤ ገንዘብ ያበደሩኝ ዘመዶቼ የጠራ ሒሳብ ይገባቸዋል።

ፊልምን ራስ በማከፋፈል በኩል አርአያዬ የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ነው። በአውሮፓውያኑ 1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን ሠርቶ ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት፤ ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የሚገኘው የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብራቸው ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፊልም ነው። ተመልካች ካለ መንገዱን ራስ መክፈት እንደሚቻል ያመንኩት ከእነሱ ነው። እኔም አዲስ አበባ ላይ የሲኒማው ጊዜ ሲያበቃ ዩቲዩብ ላይ ለመጫን አልተጣደፍኩም። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በማኅበሮቻቸው በኩል አነጋገርኩ፤ አዳራሽ ተከራየን፣ ቀኑንም ከፋሲካ በኋላ ባለ ቅዳሜ አደረግነው። ከዘመዶቼ የተበደርኩትን የከፈልኩት በአብዛኛው ከዚያ በተገኘው ገቢ ነው።

ለሚቀጥለው ፊልም የአቀናባሪው ውል ተፈርሟል። ስክሪፕቱ ገና ሁለተኛ ረቂቅ ላይ ነው።