ሕመም የሚቆጠረው በጥያቄ ነው

የደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ ስኳርም ከጣት ጫፍ በምትወሰድ የደም ጠብታ ይታወቃል። ሥር የሰደደውን፣ ማለትም ከሦስት ወር በላይ የሚቆየውን ወይም እየተመላለሰ የሚነሣውን ሕመም ግን ባለቤቱን ከመጠየቅ በቀር የሚለካበት መንገድ የለም። በዚህም ምክንያት ከአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ስንቱ እያመመው ይኖራል የሚለውን ቁጥር በብዙ መልኩ የሚወስነው ጠያቂው ነው።

በ15 የአውሮፓ አገሮችና በእስራኤል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየና ከ10 አምስትና ከዚያ በላይ ነጥብ የሚሰጠው ሕመም ያለባቸውን ብቻ ቆጥሮ ከአዋቂዎች 19 በመቶውን አገኘ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 የተደረገው አገር አቀፍ የጤና ቃለ መጠይቅ፣ ባለፉት ሦስት ወራት በየቀኑ ወይም በአብዛኞቹ ቀናት ያማችሁ ነበር ወይ ብሎ ጠይቆ 24.3 በመቶ ላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 የብሪታንያን ጥናቶች አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ደግሞ 43.5 በመቶ አለ። እንዲህ ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከሰዎቹ ጀርባና ጉልበት ሳይሆን ከአቆጣጠሩ ይመስለኛል፤ የመረቡ ዓይን ሲጠብ ትንሹም ዓሣ ይያዛል። ጥብቅ መመዘኛ ያለውን ጥናት ብንወስድ እንኳ ከአምስት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ነው። በአብዛኛው ሴቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ይበዛሉ።

እዚህ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ደርሶ ካርድ ያወጣው ሰው ይመዘገባል። ከፋርማሲ ዲክሎፊናክ የተባለውን ማስታገሻ ገዝቶ የዋጠው፣ ወጌሻ ዘንድ የታሸው፣ ጠበል የገባው ግን የትም አይጻፍም። በሠፈራችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት አሉ። ከበርጩማቸው ሲነሡ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉና ወገባቸው እስኪላቀቅ ድረስ ጎንበስ እንዳሉ ይቆያሉ።

«እትዬ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?» ስላቸው፣

«ተመስገን ነው ልጄ፤ ብርድ ነው እንጂ ምን አለብኝ» ይሉኛል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃቸው የመጨረሻዋን ልጃቸውን ከወለዱ ወዲህ መሆኑን ነገሩኝ፤ ልጅቷ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

አሜሪካኖቹ ሕይወትን ወይም ሥራን በአብዛኞቹ ቀናት የሚገድበውን ሕመም ለብቻው ቆጥረው 8.5 በመቶ አግኝተዋል። መመዘኛው ለእነርሱ ሳይስማማ አይቀርም። የጣና ዓሣ አስጋሪ ግን ከሥራ አስቀርቶህ ያውቃል ወይ ቢባል፣ ቀርቼ ምን ልበላ ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በየጊዜውም ወደ ዳር ተጎትቶ መድረቅ አለበት፤ ትከሻው ያመመውም ያላመመውም ይጎትተዋል። በመዝገቡ ላይ ይህ ሰው ደህና ሆኖ ይገኛል።

በራጅ ወይም በኤም አር አይ ፎቶ ማንሣት ይህን ችግር የሚፈታ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ግን ምንም የጀርባ ሕመም ከሌላቸው ሰዎች መካከል፣ በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ አካል፣ ማርጀት እንደሚታይባቸው አሳይቷል። በተቃራኒው፣ ፎቶው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ እውነተኛ የሆነ ሰው ሞልቷል፤ የነርቭ ሥርዓቱ ጉዳቱ ከዳነ በኋላም ሕመም ማስተላለፉን ሊቀጥል ይችላልና። «ምንም የለብህም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ዳግመኛ ቢጠየቅ ዝም ማለቱ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ሥር የሰደደ ሕመምን ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን እንደሚችል አድርጎ መመደቡ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ለእኛ ሐይቅ ዳር መጠይቅ የማዘጋጀት ዕድል ቢሰጠኝ፣ ከሥራ መቅረትን ትቼ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እጠይቅ ነበር። ቅዳሴውን እንደ ቀድሞው ቆመው ይጨርሳሉ ወይስ ግድግዳ ይደገፋሉ? ታንኳውን ብቻህን ትጎትታለህ ወይስ ሰው ትጠራለህ? ሌሊት ጎንዎን ለመቀየር ሲሉ ይነቃሉ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንደሆነ ቤት ለቤት መዞራቸው አልቀረም፤ እነዚህን ሦስቱን ጨምሮ ለመጠየቅ ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል።