ማራባ–ቤሌም፦ 48 ደቂቃ መሆን የነበረበት በረራ

የበረራ ዕቅዱ ላይ የታተመው አቅጣጫ «0270» ይላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1989 በብራዚል ደን ውስጥ ካለችው ማራባ ወደ ቤሌም የሚበረው የብራዚሉ አየር መንገድ የቫሪግ በረራ 254 ካፒቴን 270 ዲግሪ ብሎ አነበበው፤ ወደ ምዕራብ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ያወጣው ግን 027.0 ነበር፤ ወደ ሰሜን ገደማ ማለት ነው። የመጨረሻዋ ዜሮ የአሥርዮሽ ናት፣ ነጥቡ አልታተመም። ረዳት አብራሪው ወረቀቱን እንደማንበብ ካፒቴኑ የሞላውን አይቶ የራሱን መሣሪያ በዚያው አስተካከለ። ሁለቱ መሣሪያዎች ተስማሙ፤ ወረቀቱን ያነበበው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስህተቱን ለማውጣት እርሳስ ይበቃ ነበር። ማራባ 5 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ ደቡብ፣ ቤሌም 1 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ደቡብ ላይ ናቸው። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ያህል ነው፤ አንዱ ዲግሪ 60 ኖቲካል (የባሕርና የአየር ጉዞ) ማይል ስለሆነ 240 ማይል፣ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በኬንትሮስ አንድ ዲግሪ እንኳ አይለያዩም። ስለዚህ መንገዱ በካርታ ከሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። በዚያ አካባቢ የኮምፓስ መርፌ 18 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለሚሳብ 9 ሲደመር 18፣ 27። 270 ከየትም አይመጣም።

ሰዓቱም ይገጥማል። ቦይንግ 737-200 በ430 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት) 240 ማይሉን በ34 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ሽቅብ ሲወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ ለማረፍ መስመር መያዝም ስላለ 48 ደቂቃ ትክክለኛ ግምት ነው። በአጭር መንገድ ላይ ርቀቱን ለፍጥነት ብቻ አካፍሎ የሚያቆም ሰው ጊዜውን ሁሌም ያሳንሰዋል።

አውሮፕላኑ የተነሣው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄድ አብራሪ ጀምበሯን በግራው ያገኛታል፤ እነሱ ፊት ለፊት እያዩዋት በረሩ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሬዲዮው ነው። በ29,000 ጫማ ከፍታ ቪኤችኤፍ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደው የተለመደው የአብራሪዎች ሬዲዮ፣ 200 ማይል ያህል ይደርሳል፤ ስለዚህ በተነሡ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቤሌም ጥርት ብላ መሰማት ነበረባት። አልተሰማችም፤ ረጅም ርቀት በሚደርሰው ኤችኤፍ ተነጋገሩ፣ ለመውረድም ፈቃድ ጠየቁ። 48ቱ ደቂቃ ሲያልቅ ከቤሌም የነበራቸው ርቀት ከማራባ ሲነሡ ከነበረው እጥፍ ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ቀጥሎ ያገኙዋቸው አቅጣጫ ጠቋሚ የሬዲዮ ምልክቶችም በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ የሌሎች ሩቅ ጣቢያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ጣቢያ ስሙን የሚያሰማበትን የሞርስ መለያ ያዳመጠ አልነበረም።

ከ3 ሰዓት በላይ ከበረሩ በኋላ ነዳጅ አልቆ በጨለማ ደኑ ላይ አረፉ፤ ሳኦ ዦዜ ዶ ሺንጉ አካባቢ፣ ከቤሌም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። ከ54ቱ ሰዎች አብዛኞቹ ተርፈዋል።

ከተማዋ በሰዓቷ ስትጠፋ ዝቅ ብሎ መብራት መፈለግ ሁለት ጉዳት አለው፦ በ4,000 ጫማ ላይ የቪኤችኤፍ ርቀት ከ80 ማይል በታች ይወርዳል፣ የጄት ሞተር ደግሞ ዝቅ ሲል ነዳጅ ይበላል። በ48ኛው ደቂቃ ከ2 ሰዓት የሚበልጥ ነዳጅ ነበራቸው። ከፍታቸውን ጠብቀው፣ በመጡበት አቅጣጫ ተቃራኒ፣ በ090 ቢመለሱ ማራባ ከአንድ ሰዓት አትርቅም ነበር።