ቁሙ ቢሏቸው የማይቆሙ ሙሽሮች

ሥራዬ ሠርግ ማንሳት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ «ቀና በሉ፣ ጠጋ ጠጋ፣ ፈገግ» ስል እውላለሁ። ሰዉም ይታዘዝልኛል። ጥቅምት ላይ ሥራ ሳሳ ሲል ከወዳጄ ረጅም ሌንስ ተዋስኩና ጅማ ወረድኩ። የሚበር ነገር ላነሳ።

350 ኪሎ ሜትር ገደማውን መንገድ ተኝቼ ጨረስኩት። ጊቤ ሸለቆ ላይ ሙቀቱ ቀሰቀሰኝ፤ መስኮት ከፍቼ መልሼ ተኛሁ።

አልጋው 800 ብር ነው። «ሙቅ ውሃ አለ?» አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን። «አለ» አለችኝ። ለካ ያለው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ማን ይታጠባል? ከክፍሌ ሥር ደግሞ ባር አለ። ዘፈኑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲያበቃ ውሾች ተረከቡት። ውሾቹ ሲደክማቸው አዛን ሆነ። ሞባይሌ ላይ የሞላሁት የማንቂያ ደወል ሥራ አጥቶ ቀረ።

ገና ሳይነጋ ባጃጅ ያዝኩ። ቦዬ የሚባለው ረግረግ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። «ስንት?» ስለው ልጁ ዓይኑ ሌንሱ ላይ ነው። «አራት መቶ።» ስመለስ ያንኑ መንገድ በ80 ብር መጣሁ። ሌንሱ ትንሽ አጠር ቢል ኖሮ ሦስት መቶ ይለኝ ነበር መሰለኝ።

ቦዬ ጉም ለብሶ ጠበቀኝ። በአንድ በኩል ሰዎች ጭቃ እየቆፈሩ ጡብ ይሠራሉ። ባሕር ዛፉም ወደ ውሃው እየተጠጋ ነው። በሌላው በኩል ግን ሣርና ውሃ ነው፣ ወፍ በወፍ። ጉማሬ አለ ብለውኝ ነበር። እኔ ያየሁት ላም ብቻ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ሰማይ ላይ የማውቀው ጭላትና ጥንብ አንሳ ነው። እነሱም እንደኛው ሥጋ ቤት አካባቢ ነው የሚውሉት። እዚህ ግን አንዱን አነጣጥሬ ሳልጨርስ ሌላው ይነሳል። ከብት እየተከተሉ የሚውሉት ነጫጭ ወፎች ብድግ ሲሉ ሹተሩን ተጫንኩ። ባዶ ሰማይ። ደግሜ ተጫንኩ። ግማሽ ክንፍ። ሠርግ ላይ፣ እስክስታ ካልሆነ በቀር፣ ሹተሩ ለሰከንድ 1/200 ቢከፈት ይበቃኛል። እዚህ 1/2000 ላይ ካላደረግኩት ክንፉ ጭስ ይመስላል። ጠቋቁር ወፎች ደግሞ ጭራሽ ከሰል ሆነው ወጡ። ይህኛውን እንኳ ወዲያው አወቅኩት። ካሜራው የሰማዩን ብርሃን አይቶ ሁሉንም ያጨልማል። ነጭ ቬሎ ጎን ጥቁር ሱፍ ሲቆም የሚመጣው ጣጣ ነው፤ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ነው መላው።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። 12 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዱላ ይዟል፣ ሦስት ላሞች አሉት። «አካም ቡልተኒ» አለኝ። «ፈያ» አልኩ፤ ኦሮምኛዬ እዚህ ላይ ያልቃል። አማርኛ ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ቂጣቸውን ነው እንዴ የምትፈልገው?»

ስክሪኑን አየሁት። እውነቱን ነው። ሁሉም ከጀርባ።

«ሲነሱ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ነው የሚያዞሩት። አንተም ፊትህን ወደ ነፋሱ አዙረህ ቆመሃል። ጥለውህ ይሄዳሉ።» በዱላው ማዶውን አሳየኝ። «ነፋሱን ጀርባህ ላይ አድርገው፣ ወደ አንተ ይመጣሉ።»

ይህን ለማወቅ እኔ ሌንስ መዋስ ነበረብኝ፤ እሱ ላም ሲጠብቅ ነው ያወቀው። ውሃውን ዞርን። አንድ ጫማዬን ጭቃ ዋጠው፣ በዱላው አወጣልኝ።

እዚያ ማዶ ሁለት ዘውድ ያደረጉ ወፎች ቆመዋል። ረጃጅም ናቸው። ገላቸው ጥቁር፣ ጉንጫቸው ከላይ ነጭ ከታች ቀይ፣ አናታቸው ላይ እንደ ወርቅ ክር የቆመ ላባ። ሙሽሮች ናቸው፣ ሌላ ስም አላወጣላቸውም። ልጁ እጄን ያዝ አደረገኝ። «ቆይ። መብላት ሲያቆሙ።» ቆየሁ። መብላት አቆሙ። አንገታቸውን ወደፊት ሰገግ አደረጉ፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ። «አሁን!» ትንሽ ሮጡና ክንፋቸው ተከፈተ። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ውስጥ ትልቅ ነጭ ወጣ፤ ሱፉ ተገልጦ ቬሎው የታየ ያህል። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ካሜራው ሞልቶት እምቢ እስኪለኝ። በላያችን አለፉ።

ከ60 ምናምን ፎቶ አንዷ ጥርት ብላለች። ዓይኗ ሳይቀር ይቆጠራል።

ልጁን መቶ ብር ብሰጠው አልተቀበለኝም። በሌንሱ ማየት ፈለገ። ወደ ገዛ ላሙ አዙሮ ዓይኗ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ሲያይ ጮኸ። ከዚያ የታላቅ ወንድሙን የቴሌግራም ቁጥር በቃሉ ነገረኝ፤ ፎቶዋን እንድልክለት።

ከሰዓት በኋላ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቼ ወረድኩ። ቡና ጠጣሁ። ጥሩ ነበር፤ ጅማ ላይ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ።

ወደ ማታ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቆምኩ። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ፍሬውን ይለቅማል። ሲበር የክንፉ ድምፅ እንደ አሮጌ ባቡር ሹፍ ሹፍ ይላል። እሱን ስከታተል ጉሬዛ ከላዬ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለለ፣ ነጭ ካባው በአየር ላይ ተዘርግቶ። ክንፍ የለውም እንጂ ከወፎቹ ሁሉ የበለጠ ያማረልኝ እሱ ነው።

አዲስ አበባ ገብቼ የሙሽራዋን ፎቶ አሳምሬ ላክሁ። ማታ መልስ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ይጽፋል፣ ልጁ ያስጽፋል።

«ጋሼ፣ ቆንጆ ናት። እግሯን የት ጣልከው?»

ከፍቼ አየሁ። ስትበር እግሯ ከጭራዋ አልፎ ወደ ኋላ ይዘረጋል። እኔ ጭራዋ ላይ ቆርጬዋለሁ። ሠርግ ላይ የሙሽራ ጫማ ቆርጬ አላውቅም።