የፈሰሰውን ማን ይጥረግ?

ሕፃናት በሚያድጉበት ቤት የሚፈስ፣ የሚሰበርና የሚቀደድ ነገር አይጠፋም። ሁለት ልጆች ሳሳድግ ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጥፋት የምንለው አብዛኛው ነገር ልጆቹ እኛን ለመምሰል የሚያደርጉት ሙከራ መሆኑ ነው።

ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጄ ከጆግ ወደ ኩባያ ውኃ ስትቀዳ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ጆጉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በሙሉ ልቧ ትቀዳ ነበር። ኩባያው ሞልቶ ውኃው በጠረጴዛው ላይ ሲሄድና ወደ እጅጌዋ ሲገባ እንኳ አላቆመችም፤ ዓይኗን የተከለችው በጆጉ አፍ ላይ እንጂ በኩባያው ላይ አልነበረምና። ነገሩን አስቀድሞ መገመትና እጅን በጊዜው መግታት ለዚህ ዕድሜ ከባድ ሥራ ነው፤ ይህን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መዳበሩን ይቀጥላል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ልንገርሽ!» ከሚለው ቁጣ ይልቅ ሩቡ ብቻ የተሞላ ትንሽ ጆግ መስጠት የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ውኃው እንደፈሰሰ መጀመሪያ ያየችው ጠረጴዛውን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር። ልጆች ግራ ሲገባቸው የሆነው ነገር ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ የሚያነቡት ከወላጆቻቸው ፊት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጥቂት ወራት ሕፃናት ጋር ሲጫወቱ የቆዩ እናቶች ለአጭር ጊዜ ፊታቸውን እንዲያደርቁና ምላሽ እንዳይሰጡ ተደርጎ ነበር። ሕፃናቱ እናታቸውን ወደ ጨዋታው ለመመለስ ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ሳይሆንላቸው ሲቀር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። መናገር ያልጀመረ ልጅ ይህን ያህል ፊት ካነበበ፣ የሦስት ዓመቷማ ምን ያህል ታነብ ይሆን? እኔም «ፈሰሰ አይደል? ነይ እንጥረገው» አልኳት። እሷ ግን ጨርቅ እስካመጣ አልጠበቀችም፤ የእግር ሹራቧን አውልቃ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች፤ በሌላ እጇም ጉልበቴን መታ መታ እያደረገች «አይዞሽ እማዬ» አለችኝ። ስትወድቅ እኔ እንደማደርግላት ማለት ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እንዲህ ነው ብዬ ለመግለጽ እቸገራለሁ።

እርግጥ ነው፣ ትዕግሥት የማይገባበት ቦታም አለ። የፈላ ውኃ ልጅ እጅ በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት። በአሻንጉሊትና በሪሞት ውስጥ የሚገባው ክብ ትንሽ ባትሪ ደግሞ ተውጦ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ብርቱ ቃጠሎ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ልጁ ውጦት ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ብቻ እንኳ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ለመሮጥ በቂ ነው። እንዲህ ያለውን አደጋ ከፈሰሰ ውኃ ለይቶ ማየት የወላጅ ኃላፊነት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጩኸት የምንቀበል ከሆነ ልጁ የትኛው የእውነት እንደሚያስፈራ በምን ያውቃል?

ሌላው ያስተዋልኩት ነገር የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላሉ ልጆች ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ እንዲያገኙ ይመክራል። በእኛም ቤት ብዙ ነገር የሚፈሰውና ብዙ ለቅሶ የሚሰማው ልጆቹ የቀን እንቅልፋቸውን ሳይተኙ በዋሉበት ምሽት ነው። ስለዚህ ውኃ የመቅዳቱን ልምምድ ወደ ጠዋት አዛወርነው።

አራት ዓመት የሆነው ወንድሟ ደግሞ ውኃ አይደፋም፤ እሱ ግድግዳ ላይ ይሥላል። ከልክለን አልሆነም። አሁን ከወለሉ አንሥቶ እጁ እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ ትልልቅ ወረቀት ለጥፈንለታል፤ ከወረቀቱ አልፎ ግድግዳው ላይ የሚወጣው መስመርም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው።